ተረኛው ልጄ ነው

ሰው ሰውን የሚበድለው ሲርበው ይመስላችኋል። ተሳስታችኋል። የራበው ሰው ትሑት ነው፤ የሚበድለው የጠገበ ነው። አያ መኮንን እኔን የበደሉኝ ባለፈው ሐምሌ፣ የባለቤቴ የአርባ ቀን ተዝካር ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ወጥ ሦስተኛ ጊዜ ከተጨመረላቸው በኋላ ነው። የጨመርኩላቸውም እኔው ነኝ... በገዛ ጭልፋዬ።

ቀኑን ከነሰዓቱ መያዜ አይግረማችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። በመስኮቱ በኩል «ካርዴ ጠፋ» የሚል በሽተኛ ሲመጣ፣ «ካርድ አይጠፋም፤ የት እንዳስቀመጡት የሚረሱ ሰዎች ናቸው የበዙት» እል ነበር። እኔ ረስቼ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ የሆስፒታሉን ካርድ ሁሉ ቆጥሬ አስረከብኩ፤ የራሴን ግን ይዤ ወጣሁ። የበደለኝ ሰው ሁሉ ስሙ ከነአባቱ፣ የበደሉ ዓይነት፣ አዲስ ይሁን ተመላላሽ፣ በፊደል ተራ ተደርድሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጧል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት አባቶች ካርድ ክፍል ሳይሠሩ ይህን ማወቃቸው ይደንቀኛል።

አያ መኮንን ተመላላሽ ናቸው።

ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ። አያ መኮንን የሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ አለቃው ማለት ነው። የኦሪቱ ሙሴ ባሕር ከፍሎ ሕዝቡን አሻገረ፤ የእኛው ሙሴ ዳቦ ከፍለው ትልቁን ቁራሽ ወደ ራሳቸው ያሻግራሉ። ትውልዳቸው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ጎንደር ከገቡ አርባ ዓመት ቢያልፋቸውም ዛሬም ሰው ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው። እኔም «አያ» እላለሁ። ማክበር ሌላ፣ መውደድ ሌላ።

ማኅበሩ የወንዶች ነው። አሥራ ሁለት አባወራ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በየተራ ከአንዱ ቤት ተሰብስቦ ይጸልያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እኛ ሴቶች ደግሰን፣ አቅርበን፣ ዕቃ አጥበን፣ በረከቱን በጓዳ በር ስንጥቅ እንካፈላለን። መጨረሻ ላይ ቄሱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ያነሡና «ተረኛው» ብለው ይጣራሉ። የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ተነሥቶ መስቀል ይሳለማል፣ ጽዋውን ይቀበላል፣ ማኅበርተኛው እየዘመረ እስከ ቤቱ ያደርሰዋል። አንዴ የተቀበሉት ጽዋ አይመለስም። «ኑሮ ተወደደ» አይባልም፤ «ሚስቴ አራስ ናት» አይባልም። ከሚካኤል ጋር ተዋውለሃል፤ አለቀ።

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ማኅበር ጠጥቷል። ተራው ታኅሣሥ ነበር። ማኅበርተኛ ሲሞት ወንበሩን የበኩር ልጁ ይወርሳል። ይህም ደንብ ነው፤ ማንም ተከራክሮበት አያውቅም... የእኛ ቤት እስኪደርስ ድረስ።

የእኛ በኩር ይትባረክ ይባላል። ብቸኛውም እሱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ የአባቱ፣ ጢሙ የአባቱ፣ ድምፁ የአባቱ፣ እልሁ የእኔ። ፒያሳ ካለ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ሸሚዝ ያጥፋል። እሱ ያጠፈውን ሸሚዝ ባለቤቱ ፈትቶ ሊለብሰው ይሳሳል። ሐኪሞች ገና በሦስት ዓመቱ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» ብለው ጻፉለት፤ ካርዱን ወስጄ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው። የጫማውን ክር የሚያስረው ቁጭ ብሎ፣ ተንፍሶ፣ አስቦ ነው። ከስሙ በላይ አያነብም። በሌላ በኩል አንዴ የሰማውን አይረሳም፣ የሰማበትንም ቀን አይረሳም። ውሸት ደግሞ አይችልበትም። ለጽድቅ ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቅሙ አይታየውም።

የሰፈራችን ሰው ከእሱ ጋር አይነጋገርም፤ ስለ እሱ ከእኔ ጋር ይነጋገራል። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ሳለ «ይበላል?» ይሉኛል። አዎ፣ በበዓል በበዓል ይበላል። «ሰው ይለያል?» ይሉኛል። ይለያል፤ ችግሩም እሱ ነው። ፒያሳ ካፌ ስንገባ አስተናጋጁ እሱን አልፎ «ለእሱስ ምን ላምጣ?» ይለኛል፤ ካልመለስኩለት ስለማይሄድ «ሻይ» እለዋለሁ። አንዲት የተማረች ሴትዮ ደግሞ፣ ልቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ «በአእምሮው ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የእሱን አልለካነውም፤ ያንቺን ግን አሁን አወቅሁት» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላትም። ጠበል ያላዘዘልኝ፣ ሥር ያልጠቆመኝ፣ «ምነው ቤት አትዘጊበትም?» ያላለኝ ጎረቤት የለም። ሰው በራሱ ልጅ ላይ ያጣውን ብልሃት በሰው ልጅ ላይ ያገኘዋል።

ወደ ተዝካሩ ልመለስ። አያ መኮንን ጠግበው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከጎናቸው እንድቀመጥ በዓይናቸው ጠሩኝ።

«እቴ ጥሩወርቅ» አሉኝ፤ «የሟች ወንበር ባዶውን መክረም የለበትም። ሚካኤልም አይወድ።»

«ባዶ አይደለም። ልጁ አለ።»

«ልጁማ ልጅ ነው።»

«ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው አያ።»

«ዕድሜ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው። እሱ እኮ ሸጋ ነው፤ ንጹሕ ነው። እንዲያው መልአክ በይው። መልአክ ደግሞ ማኅበር አይጠጣም።»

ማኅበሩ ራሱ የመልአክ መሆኑን ልነግራቸው ይገባ ነበር። መልሱ የመጣልኝ ግን በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ ጥሩ መልሴ ተሳዳቢው ቤቱ ገብቶ ከተኛ በኋላ ነው የሚደርስ። እናንተም እንደዚሁ ናችሁ፤ አታስመስሉ።

ወንበሩ ለማን እንደታሰበ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት አያስኬድም። የአያ መኮንን አማች፣ የልጃቸው ባል፣ በዚያው ሰሞን ከከተማው ዳር፣ ፀዳ ላይ ቤት ሠርቶ ገብቷል። ስም አለው፤ ግን አማቱ «ኢንጅነሩ» ስለሚሉት ሰፈሩም በዚያው ያዘው። ኢንጅነሩ ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ማኅበር ይገባል፣ የታኅሣሥን ተራ ይረከባል ተባለ። ለይትባረክ ደግሞ «ለበረከት ይምጣ» ተብሎ ተፈቀደለት። ለበረከት ማለት በር አጠገብ ተቀምጦ የቀረበውን መብላትና ያልተጠየቁትን አለመናገር ነው።

«አትሄድም» አልኩት።

«አባዬ ሁልጊዜ ይሄድ ነበር» አለኝና የአባቱን ነጠላ አጣፍቶ ሄደ። በነሐሴ ሄደ፣ በመስከረም ሄደ፣ በጥቅምት ሄደ። እኔ በተቃውሞ ከማኅበሩ ጓዳ ቀረሁ። ተቃውሞዬን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሌላ ሴት አግኝተዋል።

በኅዳር ሚካኤል የሆነውን የነገረኝ ይትባረክ ነው፤ ስለዚህ ቃለ መሐላ እንደፈጸመ ምስክር ቁጠሩት። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የማኅበሩ ቄስ መምሬ ውብሸት ጽዋውን አነሡ። «ተረኛው» አሉ። ኢንጅነሩ የለም። ስልክ ተደውሎለት ደጅ ወጥቷል፤ በእሱ ቤት የሲሚንቶ ጉዳይ ከሚካኤል ጉዳይ ይቀድማል። መምሬ ደግመው «ተረኛው» አሉ። አያ መኮንን አማቻቸውን ሊጠሩ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ውጭ ሮጡ።

በዚህ መሃል ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው ተነሣ። ቁመቱ የባለቤቴ፣ ነጠላው የባለቤቴ፣ ጢሙ የባለቤቴ። ቀረበ፣ መስቀል ተሳለመ፣ በባለቤቴ ድምፅ «እግዚአብሔር ያስፈጽመኝ» አለ። መምሬ ውብሸት ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ለዚያ ቁመትና ለዚያ ድምፅ ጽዋ ሲሰጥ የኖረ እጅ ምን ያድርግ፤ ሰጠ።

ማኅበርተኛውስ አላየም ወይ ትሉኛላችሁ። አይቷል። ግን ጽዋ ሲነሣ መዘመር የለመደ ጉሮሮ አእምሮን አያማክርም። አንዱ አነሣ፣ ሌላው ተቀበለ፣ አሥሩም እያጨበጨቡ ተከተሉት። አያ መኮንን አማቻቸውን በክንዱ ይዘው ሲመለሱ ቤቱ ውስጥ የቀሩት መምሬና ባዶ ብርጭቆዎች ናቸው።

እኔ እቤቴ ነበርኩ። ዝማሬው ሲቃረብ ሌላ ቤት የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፈትኩ። ልጄ ጽዋውን በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል፤ ከኋላው አሥር የተከበሩ አባወራዎች ያጨበጭባሉ። ፊቴን ሲያዩ ዝማሬው ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ። መጀመሪያ የፊተኞቹ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ መሃለኞቹ፤ በመጨረሻ አንድ ጆሮው የደከመ ሰውዬ ብቻውን እያጨበጨበ ቀረ።

«ይሄ... የማን ቤት ነው?» አለ አንዱ፣ ሃያ ሁለት ታኅሣሥ ሲበላበት የኖረውን ቤት።

«የተረኛው» አለ ይትባረክ። ገባና ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የጨርቁን አራት ማዕዘን አስተካከለ።

ዝም አይነቅዝም። በሩን ብቻ ጎረቤት ሁሉ እንዲያይ ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ መጣብኝ። ሽማግሌ ስላችሁ ሴት ልጅ የለኝም፤ ሊጠይቁ የመጡት ጽዋውን ነው። አያ መኮንን መሃል፣ መምሬ ውብሸት በቀኝ፣ ኢንጅነሩ በግራ፣ ስልኩ በኢንጅነሩ እጅ።

«ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» አሉ አያ መኮንን በሽማግሌ ደንብ።

«እንግዲያው ቁሙ።»

ተቀመጡ።

«ነገሩ ስሕተት ነው እቴ» አሉ አያ መኮንን ድምፃቸውን አለስልሰው። «ልጁ ሳያውቅ ተነሣ፤ መምሬም ሳያስተውሉ ሰጡ። ማንንም አንወቅስም። ጽዋውን ስጪንና በሰላም እንለያይ።»

«ለእኔ ምን ትነግሩኛላችሁ? የተቀበለው እሱ ነው። እዚያው ተቀምጧል።»

ሦስቱም ዞረው ይትባረክን አዩት፤ ገና ዛሬ ተገዝቶ እንደገባ ዕቃ። አያ መኮንን ፊታቸውን አበሩ፤ ድምፃቸውን አቀጠኑ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ድምፁን ሲያቀጥን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያሰማችሁ።

«ማሙሽዬ... ና እስኪ። አያ ምን ይዘውልህ መጥተዋል?» ከኮታቸው ኪስ አንድ እሽግ ብስኩት አወጡ።

ይትባረክ ተነሥቶ ሄደና ብስኩቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። አገላበጠው። ማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል በጣቱ ነካ ነካ አደረገና መልሶ ሰጣቸው።

«ላም አለበት» አለ። «ዛሬ ጾም ገብቷል።»

ኅዳር አሥራ አምስት ነበር፤ የነቢያት ጾም የመጀመሪያው ቀን። የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ በንስሐ አባታቸው ፊት፣ የወተት ብስኩት በእጃቸው ይዘው ቀሩ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኪሱ ጠበበና ብስኩቱ አልገባ አለ፤ አያ መኮንን ከነጠላቸው ሥር ሸጎጡት።

«ማኅበርተኛ ማለት» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ደንብ የሚያውቅ ነው። ይሄ ልጅ ደንብ ያውቃል?»

አፌን ስከፍት ይትባረክ ቀደመኝ።

«ተራ አይዘለልም» አለ። አንድ ጣት አጠፈ፤ ሸሚዝ እንደሚያጥፍ በዝግታ። «አያ መኮንን ሚያዝያን ዘለሉ። እትዬ ደብሪቱ ታማለች አሉ። አልታመመችም። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ገዛች። እኔ ተሸከምኩላት።»

እትዬ ደብሪቱ የአያ መኮንን ሚስት ናት።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ አያ መኮንን።

«ጽዋ የተቀበለ አይመልስም።» ሁለተኛ ጣት። «ማኅበር ላይ ሰው አይታማም።» ሦስተኛ ጣት። «በመስከረም ሚካኤል መምሬ ቀድመው ሄዱ። አያ መኮንን ‹መምሬ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በግና ፍየል አይለዩም፤ ሌላ ቄስ እንፈልግ› አሉ።»

ኢንጅነሩ እንኳ ከስልኩ ቀና አለ።

መምሬ ውብሸት ከልጅነታቸው ጀምሮ ድጓ ሲያዜሙ ያረጁ፣ ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ማን ነው ዓይኑ የጠፋ?»

«መምሬ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል...»

«በግና ፍየል አይለይም የተባለ ማን ነው?»

«ለእርስዎ አስቤ ነው እኮ። ይረፉ ብዬ፣ ደክመዋል ብዬ...»

«አልደከምኩም» አሉ መምሬ። «ጽዋውንም የሰጠሁት አይቼ ነው። የሟቹ ልጅ መሆኑን ጥርት አድርጌ አይቼ፣ ወንበሩም የእሱ መሆኑን መዝኜ ነው። ስሕተት የሚባል ነገር አልተሠራም። ታኅሣሥን የሚደግሰው ይህ ሰው ነው።»

«ይህ ሰው» ሲሉ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ቁም ሣጥኑ ነው። ይትባረክ በሌላው በኩል ነበር። ማንም አላረማቸውም።

እንግዲህ ፍረዱ። ሃያ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንቼ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ ያላገኘሁለትን «ይህ ሰው» የሚል ቃል ልጄ ያገኘው በማንም ደግነት አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ቄስ «ዓይኔ ደህና ነው» ለማለት ነው። አልከፋኝም። በዚህ ሰፈር ደግነት ጠብቆ የኖረ ሰው ጾሙን ያድራል፤ የሰው ኩራት ግን የትም ቤት ሞልቶ ተርፏል። እሱን ማሠራት ነው።

አያ መኮንን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆየት አሉና ወደ ጆሮዬ ቀረቡ።

«እቴ ጥሩወርቅ፣ መምሬ ያሉትን ብለዋል። መዝገቡ ላይ ስም የሚጻፈው ግን በድግሱ ዕለት ነው፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ። በጸሎት መሃል ቢረብሽ፣ እንግዳ ፊት ቃል ቢጠፋው... አንዲት ነገር ብትታይ ማኅበርተኛው ራሱ አይሆንም ይላል። ያኔ አትቀየሚኝ።»

«ያኔ አልቀየምዎትም» አልኩ። እውነቴን ነው። ቀድሜ ተቀይሜያለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሚካኤል ድረስ ቤታችን የምልምል ወታደር ማሠልጠኛ ሆነ። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ እጀምረዋለሁ።

«እንግዳ ሲገባ ምን ትላለህ?»

«እንኳን ደህና መጡ።»

«ጸሎት ሲደረስ?»

«እቆማለሁ።»

«አያ መኮንን ነገር ቢፈልጉህስ?»

«ምን ነገር?»

«እንዲያው... ቢያናድዱህ?»

«ጠላ እጨምርላቸዋለሁ።»

ይህንን እኔ አላስተማርኩትም፤ የአባቱ ነው። አባቱ ጠላቱን በጠላ የሚረታ ሰው ነበር። እኔ ጠላ ስጨምር ኖሬ ማንንም አልረታሁም፤ ምክንያቱም ስጨምር ፊቴ ያስታውቅብኛል።

በአራተኛው ቀን ይትባረክ ሰለቸው።

«እማዬ፣ አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ፤ ግን አንዴ ደግመህ በለው።»

«ትናንት አልኩት። ከትናንት ወዲያም አልኩት።»

«ዛሬም በለው።»

አለው። የሸሚዝ አንገት እንደሚያስተካክል ሰው ትንፋሹን ሳብ አድርጎ አለው። እኔ ግን አላመንኩም። ችሎታውን መጠራጠሬ አልነበረም፤ የሰዎቹን አፍ አውቀዋለሁ። በአንዲት ቃል ቢንተባተብ ያቺን ቃል እስከ ፋሲካ ሲያላምጧት እንደሚከርሙ አውቃለሁ። ስለዚህ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ዕለቱን ከጎኑ አልርቅም። እሱ ቃል ከጠፋው ቃሉ እኔ ዘንድ አለ። ሃያ ሰባት ዓመት ያጠራቀምኩት ቃል ለዚያ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ደረሰ። ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ስልጆው፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው ሁሉ በደንቡ ተሰናዳ። ጎረቤት ሴቶች ጓዳውን ሞሉት፤ ግማሾቹ ሊያግዙኝ፣ ግማሾቹ ሊያዩ። ይትባረክ ሸሚዙን ራሱ አጥፎ፣ ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ ለበሰ። የጫማውን ክር ከሁላችን ቀድሞ ተነሥቶ አስሮ ጨርሷል። መምሬ ውብሸት ገቡ። ማኅበርተኞቹ ተከታትለው ገቡ። ኢንጅነሩ ለበረከት መጥቶ በር አጠገብ ተቀመጠ፤ እዚያች ላይ ትንሽ እንዳስደሰተኝ አልደብቃችሁም። በመጨረሻ አያ መኮንን መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ይትባረክ ለሁሉም፤ አንዱን ሳይዘል፣ አንዱን ሳይደግም።

እኔ ነጠላዬን አደግድጌ ከጀርባው ቆምኩ። ሴት በማኅበር መሃል አትቆምም፤ አውቃለሁ። ግን ቤቱ የእኔ ነው፣ ሐዘንተኛ ነኝ፣ ፊቴም ለጥያቄ አይመችም። ማንም ደፍሮ አልተናገረኝም።

አያ መኮንን ዙሪያውን ቃኙና «ይትባረክ» አሉ። በስሙ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። «መምሬን የት እናስቀምጣቸው?»

«ከመስኮቱ አጠገብ ይሁኑ» አልኩ። «ብርሃን ይሻላቸዋል።»

መምሬ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ፤ ግን ተቀመጡ።

«ዳቦውን ማን ያቀርብልናል?» አሉ መምሬ።

«እሱ ነው የሚያቀርበው መምሬ» አልኩ። «አቅርብ ልጄ። በሁለት እጅህ። ቀስ እያልክ።»

ዳቦውን በሁለት እጁ ቀስ ብሎ አቀረበ። ባልነግረውም በሁለት እጁ ሊይዘው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። ከማኅበርተኞቹ ያ ጆሮው የደከመው ሰውዬ ወደ ይትባረክ ጠጋ ብሎ፣ «ሥራ እንዴት ይዞሃል ጃል?» አለው። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው በዕድሜው ገጥሞት አያውቅም። ይትባረክ ለመመለስ ትንፋሹን ሳበ። ትንፋሹ ረዘመብኝ።

«ደህና ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «አለቃው በጣም ይወደዋል።»

ይትባረክ ዞሮ አየኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ በደንብ ያልተተኮሰ እጅጌ ሲያጋጥመው እንደዚያ ነው የሚያይ።

«እማዬ» አለ።

«ወይ ልጄ።»

«አንቺ ማኅበርተኛ አይደለሽም።»

ከጓዳ የድስት ድምፅ ቆመ።

«እኔ እኮ ላግዝህ ብዬ...»

«አያ መኮንን እኔን ጠየቁኝ። አንቺ መለስሽ። መምሬ ጠየቁ። አንቺ መለስሽ። ጋሼም ጠየቀኝ። አንቺ መለስሽ።» አልተቆጣም፤ እየቆጠረልኝ ነው። «አሁን ጸሎት ሊደረስ ነው። ውጪ።»

ወደ አያ መኮንን ዞርኩ። እንዲያ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ የመሳቂያ ጊዜ አይገኝም። «አየሽ፣ ረበሸ» ሊሉም ይችሉ ነበር፤ አፋቸውም ለዚያ ተከፍቶ አየሁት። ከዚያ ማኅበርተኞቹን ተራ በተራ አዩ። ማንም አልሳቀም። መምሬ ወደ መስኮቱ ፊታቸውን አዙረው ጢማቸውን ይዳብሳሉ። አያ መኮንን አፋቸውን ገጠሙ፤ መዝገቡን ከብብታቸው አወጡ።

«የደጋሹ ቃል ነው እቴ» አሉኝ። «ውጪ።»

ይትባረክ ወደ ጆሮ ደካማው ሰውዬ ተመለሰ። «ሥራ ደህና ነው» አለው። «ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ነው።»

ስሙ መዝገቡ ላይ ሲሰፍር ሁሉም አይቷል አሉ። እኔ አላየሁም። ጓዳ ገብቼ ድስት አጠብኩ።